ትንሽ እንስሳ፣ ትንሽ ካሜራ

በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ “ስለ ሥራሽ አንድ ነገር ንገሪን” ሲሉኝ ብዙዎቻችሁ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር እንደማወራ ጠብቃችሁ ይሆናል። እሱን ሐኪሞቹ በየቀኑ ታዩታላችሁ፤ ሌሎቻችሁም በየዕድሜያችሁ እየደረሳችሁበት ነው። ዛሬ ላሳርፋችሁ። የማወራችሁ ስለ አይጥ ነው። በይበልጥም በአይጥ ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን፣ አይጡን ሳይገድል ስለሚያሳይ የጋማ ጨረር ካሜራ። ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ኮሚቴያችን የመጪዎቹ ዓመታት መዋጮ ምን ላይ ይዋል ብሎ ሐሳብ እየሰበሰበ ነው። አንዳንዶቻችን “አንድ ትልቅ የምርመራ መሣሪያ ገዝተን እንስጥ” ብለናል። እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ፤ እስከ መጨረሻው ታግሣችሁ ስሙኝ።

የምኖረውም የምሠራውም አቃቂ ቃሊቲ ነው። ሰፈራችን ሲነሣ ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው የከባድ መኪና ሰልፍ፣ መጋዘንና ፋብሪካ ነው። ጋማ ጨረር ግን ለእኛ ሰፈር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ቃሊቲ ላይ የቆላ ዝንብ ማርቢያና ማምከኛ ማዕከል ተመርቋል። የቆላ ዝንብ በደቡብና በምዕራብ ቆላዎቻችን ከብቱን በገንዲ በሽታ እየጨረሰ ገበሬውን ያለ በሬ የሚያስቀር ነው። የማዕከሉ ሥራ ዝንቡን በብዛት ማራባት፣ ወንዶቹን ከኮባልት 60 በሚወጣ ጋማ ጨረር ማምከን፣ ከዚያ ወደ ቆላ ወስዶ መልቀቅ ነው። ሴቷ በአብዛኛው በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትጠቃ ከመከነ ወንድ ጋር ከተገናኘች ዘር አትተካም። በዛንዚባር፣ ኡንጉጃ ደሴት ላይ ይህ ዘዴ ከሌሎች መከላከያዎች ጋር ተጣምሮ ዝንቡን በ1990ዎቹ አጥፍቶታል። ማርቢያው ቃሊቲ መሆኑም ብልሃት አለበት፤ ብርዱ ለዝንቡ ስለማይስማማው ቢያመልጥም አይራባም።

ከዚህ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ለቆላ ዝንብ ማምከኛ የሚሰጠው መጠን በመቶ ግሬይ አካባቢ ነው፤ ሰው ግን መላ አካሉ አምስት ግሬይ ያህል ካገኘው ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። መጠኑ ካነሰ ዝንቡ አይመክንም፤ ከበዛ ደግሞ ይደክምና ከዱሩ ወንድ ጋር መፎካከር ያቅተዋል። ታዲያ ስንት እንደደረሰው በምን ይታወቃል? ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ አይሞቅም። በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ በጨረር ቀለሙ የሚለወጥ ትንሽ ፊልም ከዝንቦቹ ጋር ይቀመጣል፤ ያ ቁራጭ ፊልም ነው ምስክሩ። ሥራው ሁሉ የቆመው በመለኪያው ላይ ነው ማለት ነው።

ጋማ ጨረር ከማምከን ሌላ ማሳየትም ይችላል። ሐኪሞቹ ታውቁታላችሁ፤ ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ቴክኒሺየም 99ኤም የሚባል ጨረር ሰጪ ንጥረ ነገር ከአንድ መድኃኒት ጋር ተጣብቆ በደም ሥር ይሰጣል። መድኃኒቱ ወደሚሄድበት አካል ይዞት ይሄዳል፤ ከዚያ ሆኖ 140 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ጋማ ጨረር ወደ ውጪ ይልካል። ኤክስሬይ ከውጪ ገብቶ አጥንት ያሳያል፤ ይኼኛው ከውስጥ ወጥቶ ሥራ ያሳያል። ኩላሊቱ ያጣራል ወይ፣ የልብ ጡንቻ ደም ይደርሰዋል ወይ፣ መድኃኒቱ የታሰበበት ቦታ ደርሷል ወይ የሚለውን ማለት ነው።

የሚቀበለውን ካሜራ ሃል አንገር የተባለ አሜሪካዊ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሠራው፤ መሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ከፊት ኮሊሜተር የሚባል ብዙ ቀዳዳ ያለው የእርሳስ ሰሌዳ አለ፤ ቀጥ ብሎ የመጣውን ጨረር ያሳልፋል፣ ሰያፉን ይውጣል። ቀጥሎ ሶዲየም አዮዳይድ የተባለ ክሪስታል አለ፤ አንዲት ጋማ ስትመታው አምስት ሺህ ያህል የብርሃን ቅንጣቶች ብልጭ ያደርጋል። ከኋላው ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ቱቦዎች ተደርድረዋል። ለብልጭታው የቀረበው ቱቦ ብዙ ያያል፣ የራቀው ጥቂት። ከሁሉም የመጣውን አመዛዝኖ ብልጭታው የት እንደነበረ ማስላት ነው ዘዴው። የአንገር ትልቅ ሐሳብ ይኼው ነው፤ አንዱ ቱቦ ብቻውን የማያውቀውን ሁሉም ተባብረው ያውቁታል።

አሁን ወደ አይጡ እንምጣ። የላቦራቶሪ አይጥ 25 ግራም ያህል ይመዝናል። 70 ኪሎ ሰው ከእሱ 2,800 ጊዜ ይከብዳል። በሆስፒታል ያለው ካሜራ አንድ ሴንቲሜትር ያህል የተራራቁ ነገሮችን ለይቶ ያሳያል፤ ለሰው ልብ ይበቃል። የአይጥ ልብ ግን ራሱ ከአንድ ሴንቲሜትር ያንሳል። አይጡን በሰው ካሜራ ብታነሡት ልቡ በሙሉ አንድ ደብዛዛ ነጥብ ይሆንባችኋል። ስለዚህ ለትንሽ እንስሳ የሚሆን ዲቴክተር የትልቁ ካሜራ ርካሽ ቅጂ አይደለም። ራሱን የቻለ ንድፍ ይፈልጋል።

መፍትሔው ከድሮ ጀምሮ የምናውቀው የመርፌ ቀዳዳ ነው። በጨለማ ቤት በር ቀዳዳ የገባ ብርሃን የውጪውን ሥዕል ግድግዳው ላይ ገልብጦ ሲጥል ያላየ ልጅ የለም። በጋማ ጨረርም እንዲሁ ነው። እኔ፣ አንድ ፋርማሲስትና አንድ የኤሌክትሮኒክስ መምህር ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን ወረቀት ላይ የሠራነውን ስሌት ላካፍላችሁ። አይጡ ከቀዳዳው 3 ሴንቲሜትር ርቆ፣ ክሪስታሉ ከቀዳዳው ወዲያ 12 ሴንቲሜትር ቢቀመጥ ሥዕሉ አራት እጥፍ ይተልቃል። ክሪስታሉ ብልጭታን በ3.5 ሚሊሜትር ስሕተት ቢያውቅ በአይጡ ላይ ሲመለስ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ይሆናል። ቀዳዳው አንድ ሚሊሜትር ከሆነ የራሱን ብዥታ ስለሚጨምር ጠቅላላው አንድ ሚሊሜትር ተኩል አካባቢ ይመጣል። አንድ ሴንቲሜትር የነበረው ወደ አንድ ሚሊሜትር ተኩል! ደስ ይላል አይደል?

ዋጋ ግን አለው። በዚህ አቀማመጥ ከአይጡ ከሚወጡት 100,000 ጋማዎች በቀዳዳው የሚያልፉት ሰባት ያህል ብቻ ናቸው። ቀዳዳውን ወደ ግማሽ ሚሊሜትር ብናጠበው ሥዕሉ ይጠራል፣ የሚያልፉት ግን ሁለት እንኳ አይሞሉም። የዚህ ሙያ ጭንቅ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ጥራት ስትፈልጉ ቁጥር ታጣላችሁ፤ ቁጥር ስትፈልጉ ጥራት። ቁጥር ለማግኘት መድኃኒቱን እናብዛ ካላችሁ ትንሿ እንስሳ ብዙ ጨረር ትቀበላለች፣ ምርምሩም ይበላሻል። ረዥም ሰዓት እናንሣ ካላችሁ በማደንዘዣ ስንት ሰዓት ትቆያለች? ለዚህ ነው በዓለም ላይ ያሉት ጥሩ ጥሩ የአይጥ ካሜራዎች በአንድ ፈንታ ብዙ ቀዳዳ የሚጠቀሙት። ዘጠኝ ቀዳዳ ዘጠኝ እጥፍ ይሰበስባል፤ ከዚያ የተደራረበውን ሥዕል የሚፈታው ኮምፒዩተሩ ነው። ክፍሉ ኮምፒዩተር ሳይንስ የነበረ እዚህ ካለ ጆሮውን ያቁም።

“ሰው የሚታይበት ካሜራ ባጠረበት አገር የአይጥ ካሜራ ቅንጦት አይደለም ወይ?” የሚል ጥያቄ በብዙዎቻችሁ ፊት ላይ አያለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሁለት መልስ አለኝ።

አንደኛው የምርምር ነው። ተማሪዎቻችን ለወባ ወይም ለሌላ በሽታ ይሆናል የተባለን የባህል መድኃኒት ሲፈትኑ አይጥ ላይ ነው የሚጀምሩት። የተለመደው የአራት ቀን ፈተና ታውቁታላችሁ፤ አይጡን በወባ ተውሳክ መበከል፣ ለአራት ቀን ቅመሙን መስጠት፣ ከዚያ ከጅራቱ ደም ወስዶ መቁጠር። ለደም ይህ ይበቃል። እንደ ካላዛር ያለ በሽታ ግን የሚደበቀው ጣፊያና ጉበት ውስጥ ነው። ቅመሙ ጣፊያ መድረሱን፣ መቼ እንደደረሰና ስንት ሰዓት እንደቆየ ማወቅ ከፈለጋችሁ በየሰዓቱ የተወሰኑ አይጦችን መግደል ግድ ነው። በአምስት ጊዜ ስድስት ስድስት ቢሆን ሠላሳ አይጥ። ካሜራ ካለ ግን ያቺኑ ስድስት አይጥ አምስቴ ማየት ይቻላል። እያንዳንዷ ከራሷ ጋር ስለምትነጻጸር ውጤቱም ይበልጥ ይታመናል። ቴክኒሺየም ግማሽ ዕድሜው ስድስት ሰዓት ነው፤ በማግሥቱ አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ ስለሚቀር ለሌላ ዙር ትዘጋጃለች። በእርግጥ ካሜራው የሚያሳየው ጨረር ሰጪው የተጣበቀበትን ነገር እንጂ ተውሳኩን አይደለም፤ ማጣበቁም የቅመሙን ጠባይ ሊለውጥ ስለሚችል የፋርማሲስቶች ከባድ የቤት ሥራ አለበት።

ይህ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ለመረዳት የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው ብልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ነው። ግኝቱ የራሳችን፣ ተክሉ የራሳችን፣ ሳይንቲስቱም የራሳችን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን “የመርዛማነት ጥናቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ በታወቀ ላቦራቶሪ፣ በታወቀው ሥርዓት ካልተሠራ አንቀበልም” ተባሉ፤ እዚህ የሠሩት መረጃ አልበቃም። እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው፤ ከግኝቱ 25 ዓመት በኋላ። እንግዲህ ተክሉን ይዞ መለኪያውን ያልያዘ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። ማስረጃውን የሚሰጠው መለኪያ በእጁ ያለው ነው።

ሁለተኛው መልሴ የእጅ ነው። የአይጡ ካሜራና የሰው ካሜራ አካላቸው አንድ ነው፤ እርሳስ፣ ክሪስታል፣ ብርሃን ቆጣሪ፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ስሌት። ልዩነቱ ትንሹን ጠረጴዛ ላይ ፈታችሁ መገጣጠም መቻላችሁ ነው። በትንሹ የሠለጠነ ሰው ትልቁ ሲበላሽ አይደነግጥም። አንድ ሆስፒታል ስሠራ፣ ስሙን ልተወው፣ በእርዳታ የመጣ መሣሪያ አንሶላ ለብሶ ዓመታት ሲቀመጥ አይቻለሁ። የጎደለው አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነበር። ከሰሌዳውም በላይ ጎድሎ የነበረው “የትኛው ሰሌዳ ነው የተቃጠለው?” ብሎ ከፍቶ የሚያይ ሰው ነው። ታካሚው ግን በየቀኑ በዚያ በር ያልፋል፤ ማሽኑን ያየዋል። “አለ እያላችሁ ለምን ትልኩኛላችሁ?” ይላል። ለእሱ ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ?

ለአገራችን ሁኔታ ሲነደፍ ደግሞ ጥንቃቄው ብዙ ነው። ሶዲየም አዮዳይድ እንደ ጨው እርጥበት ይስባል፤ ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ይቢጫል፣ አለቀለት። የክፍሉ ሙቀት በድንገት ሲለዋወጥም ይሰነጠቃል። መብራት ሲጠፋና ማቀዝቀዣው ሲቆም ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም። ስለዚህ እኛ የመረጥነው እርጥበትን የተሻለ የሚችለውን ሲዝየም አዮዳይድ ነው። ከኋላውም አንድ ሺህ ቮልት ያህል በሚፈልጉት የመስታወት ቱቦዎች ፈንታ ጥቂት ሚሊሜትር የሆኑ የሲሊኮን ብርሃን ቆጣሪዎች እናደርጋለን፤ በሠላሳ ቮልት አካባቢ ስለሚሠሩ በባትሪ ማስኬድ ይቻላል። ቴክኒሺየሙ የሚገኘው ከሞሊብዲነም ነው፤ ሞሊብዲነም ግማሽ ዕድሜው 66 ሰዓት ስለሆነ በሳምንቱ የሚቀረው ከመቶ አሥራ ሰባት ያህል ብቻ ነው። በጉምሩክ ሁለት ቀን ከዘገየ ከመቶ አርባ ያህሉ መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ለመለማመጃና ለመፈተሻ ኮባልት 57 እንጠቀማለን፤ ጉልበቱ 122 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ሆኖ ለቴክኒሺየም ይቀርባል፣ ግማሽ ዕድሜው ግን 272 ቀን ነው። ያም ቢሆን ያለ ጨረር ተቆጣጣሪው ፈቃድ አንዲት ነጥብ አትገባም።

ቀዳዳውን ራሱ የት እናሠራው? እዚሁ ሰፈራችን። ቃሊቲ አንድ ቶርኖ ቤት ያላቸው አዛውንት ጋ ሥዕሉን ይዘን ሄድን። የቀዳዳው ከንፈር እንደ ቢላ ስለት መሳል አለበት። ገና እንዳዩት “ዶክተር፣ ንጹሕ እርሳስ እንደ ቅቤ ነው፤ ስለቱ ይታጠፍብሻል። የባትሪ እርሳስ ውሰጂ፣ እሱ ጠንከር ይላል” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የባትሪ እርሳስ አንቲሞኒ ስላለበት ይጠነክራል። መጽሐፉ ተንግስተን ይላል፤ ተንግስተን ግን የእሳቸው ማሽን አይቆርጠውም። እኔም በበኩሌ የባትሪ እርሳስ የሚቀልጠው ልጆች በሌሉበት፣ ጭሱ በሚወጣበትና አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ነው ብዬ ሐኪምነቴን አሳየኋቸው። በሦስተኛው ሙከራ ጥሩ ቀዳዳ ወጣልን። አሁን በእጃችን ያለው ንድፉና ያ ቀዳዳ ነው። ከዚያ በላይ አለን ብዬ አላታልላችሁም።

ታዲያ ማኅበራችንን የምጠይቀው ምንድን ነው? ሦስት ነገር።

አንደኛ፣ መዋጮው ለአንድ የታሸገ ማሽን ከሚወጣ ለአንድ የዲቴክተር መሥሪያ ክፍል ይዋል። ክሪስታሎች፣ ብርሃን ቆጣሪዎች፣ ኦሲሎስኮፕ፣ የመሸጫ ጠረጴዛ፣ ዩፒኤስ፣ ከሁሉም በላይ መለዋወጫ። ዝርዝሩን ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ።

ሁለተኛ፣ በውጭ ያላችሁ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ከገንዘባችሁ በፊት ጊዜያችሁን ስጡን። በዓመት ሁለት ሳምንት መጥቶ የሚያስተምር ሰው ለእኛ ከአንድ ኮንቴይነር ዕቃ ይበልጣል። ያልቻለ በርቀት የተማሪ ጽሑፍ ያማክር።

ሦስተኛ፣ ሥራው የመመረቂያ ጽሑፍ ይሁን። የፊዚክሱ ተማሪ ቀዳዳውን፣ የኤሌክትሮኒክሱ ሰሌዳውን፣ የኮምፒዩተሩ ስሌቱን፣ የፋርማሲው ማጣበቁን፣ የእንስሳት ሕክምናው ማደንዘዣውንና የአይጡን ደኅንነት ይያዝ። ሁሉም ሥዕልና ስሌት ክፍሉ ውስጥ ይቅር፤ አንድ ሰው አገር ሲለቅ እውቀቱ አብሮት እንዳይሄድ።

ውጤቱን በምን ትለኩታላችሁ ብትሉኝ በቀላል ነገር። ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ጨረር ሰጪ ውኃ ተሞልተው ሁለት ሚሊሜትር ተራርቀው ይቀመጣሉ። ካሜራው ሁለት አድርጎ ካሳየን ተሳክቶልናል፤ አንድ አድርጎ ካሳየን አልተሳካልንም። ያኔ መጥታችሁ በዐይናችሁ ታያላችሁ። ከዚያ በፊት አይጥ አይነካም። መድኃኒት እናገኛለን ብዬ ቃል አልገባም፤ ቃል የምገባው የእኛ ልጆች ለክተው ያመጡትን ቁጥር ማንም ሰው ሲጠይቃቸው መሣሪያውን ከፍተው እንዲህ ነው የለካነው ማለት እንዲችሉ ነው።

መምህሮቻችን ከመጽሐፍ ላይ ያሳዩንን ካሜራ ተማሪዎቻችን በእጃቸው እየፈቱ ቢማሩት ለእናንተም ደስታ እንደሚሆን አውቃለሁ።  ጥያቄ ያለው በምሳ ሰዓት ያግኘኝ፤ ቀዳዳዋን በቦርሳዬ ይዣታለሁ፣ አሳያችኋለሁ።